ምርምር፣ ማስተማር ወይስ ገበሬው ዘንድ መውረድ?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአካባቢ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን በቅርቡ ጨርሻለሁ። አሁን የምሠራው በተሁለደሬ ወረዳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማስተምርበት ዕድል ተገኝቷል። ምርምርም እወዳለሁ። ግን የገበሬ ልጅ ነኝና ከሰው ተለይቼ ወረቀት ብቻ መጻፍ አይሆንልኝም። የማማክራቸው ሁሉ ‹አንዱን ያዢ፣ ሦስቱንም ካልሽ አንዱም አይሳካልሽ› ይሉኛል። እውነት ሦስቱን አንድ ላይ ማስኬድ አይቻልም? የሚቻል ከሆነስ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ መካሪዎችሽ ክፉ አላሰቡልሽም። ሦስቱንም እይዛለሁ ብለው መንገድ ላይ የቀሩ ልጆች አይተው ነው። እኔ በምክራቸው የምስማማው ግን በግማሽ ነው። ምርምርሽ ቆቦ፣ ክፍልሽ ደሴ፣ የማህበረሰብ አገልግሎትሽ ወረኢሉ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ዕድሜሽ መኪና ላይ ያልቃል። ሦስቱንም አንድ ተፋሰስ ላይ፣ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ካዋልሻቸው ግን ሥራው ይቀላል። ተማሪዎችሽ የሚለኩት አንቺ የምታጠኝውን ነው። ለገበሬው የምታሳይው ያንኑ ውጤት ነው። ገበሬው አይቶ የሚጠይቅሽ ነገር ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ምርምርሽ ይሆናል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ አትጨነቂ። ቦታ ምረጪና እዚያው ቆዪ።

ቦታ ካልን አንቺ ታድለሻል። የወረዳሽ መቀመጫ ሐይቅ ከተማ ሆነሽ በመስኮት የምታይው ውሃ ለአካባቢ ሳይንስ ትልቅ መዝገብ ነው። ሁላችንም ትምህርት ቤት እያለን «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ተብለናል። ፖስተር ላይ አለ፣ የፕሮጀክት ሰነድ መግቢያ ላይ አለ፣ ዛሬም በየስብሰባው ይደገማል። እንደ ጄምስ ማካን ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች የቁጥሩን ምንጭ ወደ ኋላ ሲከተሉት ግን በቂ ማስረጃ አጡለት። ዳርቢሻየር፣ ላምብ እና የእኛው መሐመድ ዑመር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል ደለል በቱቦ አውጥተው፣ ውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ እያጎሉ ቆጠሩ፤ ብናኙ በየዘመኑ ምን ዓይነት ዕፅዋት እንደነበረ ይናገራልና። ጥናታቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ። ደለሉ ወደ 3,000 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ይዟል። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ደኑ ተመንጥሮ ክትክታና ሳር ተተካ። ያ ሁኔታ ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። በኋላ ጥድና ወይራ ተመልሶ መጣ፣ ለጥቂት መቶ ዓመታትም ቆየ። ከዚያ እንደገና ተመነጠረ።

ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወሎ ውስጥ የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ ከ60 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ እየቆመ አነጻጸረ። በብዙዎቹ ላይ ዛፉ ጨምሮ ተገኘ። ከጨመረው ብዙው ባህር ዛፍ ነው እንጂ ጥድና ወይራ አይደለም፤ ቢሆንም የተከለው ገበሬው ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቀበሌ ላይ ቆመሽ «አባቶቻችሁ ደኑን ጨረሱት» ብለሽ ብትጀምሪ ንግግርሽ ማስረጃ ይጎድለዋል፣ ሰዉም ወዲያው ጆሮውን ይዘጋብሻል። የሚያስተምር ሰው ምርምሩን ካላወቀ የሚያስተላልፈው የሰማውን ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚች 40 በመቶ ነው። ሁሉም ያውቃታል። ማን ለካት ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

መሬታችን አልተጎዳም እያልኩ አይደለም። አፈሩ እየሄደ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህን መሰሉ ግምት ከቢሮ አልወጣም። ከጀርባው እንደ ማይባር ያሉ የመስክ ጣቢያዎች አሉ። ማይባር ከደሴ ብዙ አይርቅም። በ1981 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ ሲጀመር የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው እዚያ፣ ቆሪ ሸለቆ ላይ ነው። ተፋሰሱ ከ113 ሄክታር አይበልጥም። ከዚያች ጠባብ ሸለቆ የወጣው መረጃ ግን የስንት ተማሪ መመረቂያ እንደሆነ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

የማይባርን ሥራ ብታይው በጣም ተራ ነው። ዝናብ ይለካል። ወንዙ ሲደፈርስ አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ይወርድና በየ10 ደቂቃው አንድ አንድ ሊትር ይቀዳል። ሌሊት ከሆነ በባትሪ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የታጠሩ ትንንሽ መለኪያ ቦታዎች አሉ፤ ከነሱ የሚወርደው ጎርፍ ታች በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል። በርሜሉን የሚያማስሉት፣ ናሙናውን የሚያጣሩትና የሚያደርቁት እዚያው ሰፈር የተወለዱ ልጆች ናቸው። ስለ ታዋቂ ተመራማሪዎች ስናወራ እነሱን እንረሳለን። አንቺ ግን ምርምር ስትጀምሪ መጀመሪያ የምትፈልጊው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሶፍትዌር በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ገበሬው እንሂድ። አብዛኛው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

በአንድ ደጋ ቀበሌ ውጤት ልናሳይ ሁለት ሃይላንድ ይዘን ሄድን። አንደኛው እርከን ካለው ማሳ የተቀዳ ጎርፍ ነው፤ ሁለተኛው እርከን ከሌለው። ውሃው አድሮ ጠርቷል። በአንዱ ከታች ስስ መስመር ብቻ ይታያል። በሌላው ደለሉ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ከፍታ አለው። ግራፍ አላሳየንም፣ ስለ ቶንና ሄክታርም አላወራንም። አንድ አዛውንት ጠርሙሱን ተቀበሉና ወደ ብርሃን አነሱት። ነቀነቁት። መልሰው አስቀመጡት።

«ይሄ የማን ማሳ ነው?» አሉ። ነገርናቸው።

«ታዲያ ጎርፉ የሱ አይደለማ! ከላይ ያለው ሰውዬ ፈሰሱን ለቆበት እኮ ነው።»

ቤቱ ተናጋ። ፈሰስ ማለት ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ማሳው ላይ አጋድሎ የሚያወጣው ቦይ ነው። ለላይኛው መፍትሔ ነው፤ የታችኛውን ግን ይቦረቡረዋል። የእኛ መለኪያ ደግሞ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ስለሆነ ከላይ የሚመጣውን ውሃ አያስገባም። እንዲያ የሚሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ የአንዱን ማሳ ብቻ ለይቶ ለማወቅ። ሰውየው የሚከሱት ግን ከቆርቆሮው ውጭ ያለውን ነው። የሚያጣላቸውም እሱ ነው።

አንዲት እናት ቀጠሉ። «ካቡን ካብነው፣ አይጥ ገባበት፣ ገብሴን ጨረሰው። ስለ አይጡስ ምን አጥንታችኋል?» ምንም አላጠናንም ነበር። ሌላው ስለ በሬ አነሳ። እርከኑ ከጠበበ ጥማዱን ማዞር አይቻልም። ሌላው የድንጋዩ ካብ ስለሚበላው መሬት ተናገረ። ማሳው አንድ ጥማድ መሬት ለማይሞላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርከን አፍራሹን «ግንዛቤ የለውም» የሚል ሪፖርት ስታይ እነዚህን ሦስቱን አስቢያቸው። ግንዛቤማ አለው። ሒሳቡን ሠርቶ ነው ያፈረሰው።

ወሎ ይህን በትልቁ አይታዋለች። ከ1966 እና ከ1977 ድርቅ በኋላ ስንት ተራራ እርከን እንደተሠራ፣ ስንት ዳገት እንደተከለለ ትልልቆቹ ይነግሩሻል። ሥራው በአብዛኛው የእርዳታ ስንዴና ዘይት ለማግኘት ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ችግኙ ተቆረጠ፣ የተከለለውም ዳገት ተደፈረ። ሰዉ ዛፍ ጠልቶ አይመስለኝም። ዛፉ የማን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። የኮምቦልቻውን የጎፍ ደን ታሪክ ጠይቂ፤ ያንንም ያለ ጥበቃና ያለ ንትርክ አናውቀውም።

ስለዚህ ማህበረሰብ አገልግሎት ማለት ሐምሌ ላይ ባነር ሰቅሎ ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት ከሆነ እኔ የለሁበትም። ተከላው አይጠላም። ግን ጥቅምት ላይ ተመልሶ ስንቱ ጸደቀ ብሎ የሚቆጥር ከሌለ ድካሙ ለካሜራ ነው። ቁጠሪ። ተማሪዎችሽን ይዘሽ ቁጠሪ። የደረቀው ለምን ደረቀ? ፍየል በላው፣ ጉድጓዱ ጠበበ፣ ወይስ ዝርያው የዚያ ቦታ አይደለም? ይቺ ብቻ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ትበቃለች።

ሰውን መቼ ማግኘት እንደሚቻል ካላወቅሽ ደግሞ ባዶ አዳራሽ ትጠብቂያለሽ። የወሎ ቀበሌ ሁለት ካላንደር አለው። ክርስቲያኑ ሚካኤልና ማርያም ላይ በሬ አይጠምድም። ሙስሊሙ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይገኛል። በሬው የማይጠመድበት ቀን ያንቺ የስብሰባ ቀን ነው። በረመዳን ቀትር ላይ ሰው ሰብስቦ ሦስት ሰዓት ማስተማር ደግሞ ነውር ነው፤ ሲደረግ ግን አይቻለሁ። ቅሬውን፣ ማለትም ዕድሩን፣ ያዢ። በወሎ ቅሬ የማይገባ ሰው የለም፤ ሬሳ ለመቅበር ብቻ ሳይሆን የተከለለ ዳገት ለመጠበቅም ከየትኛውም ኮሚቴ ይበልጣል። ሸሁንና ቄሱን ለየብቻ አታናግሪ። ሁለቱም በተቀመጡበት የተባለ ነገር ይጸናል። የድሮ የመቃብር ቦታና የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀረውን ጥድና ወይራ ያቆዩት እነሱ ናቸውና ስለ ደን ለማስተማር ስትሄጂ ትንሽ ቀስ ማለት ይገባል።

ሴት መሆንሽን እንደ ሸክም ሊያሳዩሽ የሚሞክሩ ይኖራሉ። እኔ እንዳየሁት ግን ጓዳ የመግባት ዕድል ትልቅ ነገር ነው። ማገዶ ከየት እንደሚመጣ፣ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ኩበቱ ለምን ማሳ እንደማይደርስ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ወንድ ተመራማሪ ይህን ደጅ ቆሞ ከአባወራው ይጠይቃል፤ አባወራውም ገምቶ ይመልሳል።

ወደ ክፍሉ እንምጣ። ማስተማር ከምርምር ጊዜ ይሻማል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ሁሉንም በስላይድ ካስተማርሽ ይሻማል። ደሴ ያለ ተማሪ ቦርከናን ይዞ ብዙ ነገር መማር ይችላል። ከከተማው በላይ ድንጋይ ገልብጡ በያቸው። ከከተማው በታችም እንዲሁ። ከላይ ንጹሕ ውሃ የሚወዱ የነፍሳት እጮች ይገኛሉ፣ ብዙ ዓይነት ናቸው። ከታች ዓይነቱ ያንስና ቀያይ ትሎች ይበዛሉ፤ ኦክስጅን በጣም ባነሰበትም መኖር ስለሚችሉ ነው። የሚያስፈልገው ነጭ ሳህን፣ ወንፊትና የእጅ ጓንት ነው። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይሠራዋል። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ካስደገምሽው ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊታተም የሚችል መረጃ ይሆናል። ኮምቦልቻ ለደረሱት ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ማንሳታቸው አይቀርም። እዚያ ላይ አንድ ነገር አስተምሪያቸው፤ ሳይለኩ አለመክሰስን።

ከተማ ከመጣሽ በኋላ የሚገጥምሽን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ። የደረጃ ዕድገት የሚታሰበው በአብዛኛው በታተመ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። ለገበሬው በአማርኛ የጻፍሽው ሁለት ገጽ ነጥብ አያስቆጥርም። እኔ ግን ጻፊው እላለሁ። በተለይ ለወረዳው ባለሙያና ለልማት ሠራተኛው። የጥናቱ ቦታ ያለበት ወረዳ ስለራሱ የተጻፈውን ሳያይ፣ ሌላ አገር ያለ ገምጋሚ ቀድሞ ማንበቡ ለእኔ ሁሌም ይከብደኛል። አሁን ወረዳ ስላለሽ ታውቂዋለሽ። ተመራማሪ መጥቶ መጠይቅ ሞልቶ ሄዶ ስንቱ ነው ውጤቱን ይዞ የተመለሰው?

ስለ መረጃ አያያዝ ደግሞ ወሎ ላይ ቀልድ የለም። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ የጠፋው ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ይገዛል፣ ሚዛን ይገዛል። የአምስት ዓመት የዝናብ መዝገብ ግን አይገዛም። የመስክ ደብተርሽን ዕለቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። አንድ ቅጂ ከደሴ ውጭ ይቀመጥ።

እንዲህ የሠራ ሰው አለ ወይ ካልሽ አለ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የዕድሜ ልክ ምርምሩ ከልብስ አጣቢዎቹ ተነሳ። መላኩ ወረደ ደግሞ የአገሪቱን የዘር ባንክ እየመራ፣ ከ1977 ድርቅ በኋላ ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጡ ብቻውን በቂ አይደለም ብሎ ወሎና ሸዋ ወረደ። የአገሬው ማሽላና ስንዴ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ከገበሬዎች ጋር ሠራ። ሁለቱም በ1989 እ.ኤ.አ. ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። አንዳቸውም ከሰው ለመቅረብ ብለው ምርምራቸውን አላቀለሉትም።

አሁን ወዳንቺ ውሳኔ። ወረዳ ያሳለፍሽውን ጊዜ እንደባከነ አትቁጠሪው። የትኛው ቀበሌ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ሊቀመንበር ቃሉን እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። ይህን ለማወቅ ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅጥር ካወጣም ተወዳደሪ። ማስተማሩ ይቀንስብሻል፤ ግን ሥራው ከገበሬ ማሳ አያርቅሽም።

የማስተማሩ ቅጥር ከሐይቅ ብዙ የማያርቅሽ ከሆነ ተቀበይው ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ፕሮፖዛል ይዘሽ አትሩጪ። ወደ ሐይቁ ከሚወርዱት ትንንሽ ወንዞች አንዱን ምረጪ። በልግ ከመግባቱ በፊት የዝናብ መለኪያ ትከይ፣ የሚያነብልሽ የሰፈር ልጅ አሠልጥኚ፣ የሚከፈለውንም ከመጀመሪያው ተነጋገሪ። በነጻ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ክረምቱን አይዘልቅም። አብሽሪ፣ የቀረው ቀስ እያለ ይመጣል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቂ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ትይዢያለሽ? ለመስክ የሚሆንሽ አንድ ሙሉ ቀን ፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥልሻል? ለሁለተኛው መልሱ «እናያለን» ከሆነ ወረዳሽ ላይ ቆይተሽ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከት ይሻልሻል፤ የጥናት ቦታሽን ግን ከዚያው ከሐይቅ እንዳታወጪው።